ከካርቦን ቸርኬ በፊት ጎማዎን ይቀይሩ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የጎንደር ከተማ ነዋሪ የሆንኩ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ያገለገለ ኮርሳ ብስክሌት ገዝቼ በሥራ ቀን ከፒያሳ አዘዞ እመላለስበታለሁ፤ በእረፍት ቀን ደግሞ እስከ ኮሶዬ ወይም እስከ ማክሰኝት እነዳለሁ። ፍሬሙ አልሙኒየም ነው፤ ከኋላ 9 ማርሽ አለው፤ ፍሬኑ ቸርኬውን ከሁለት ጎን ጨምቆ የሚይዝ ነው፤ ጎማው ላይ 700 በ 23 የሚል ተጽፎበታል። ክብደቴ 74 ኪሎ ነው። ጎማው በተደጋጋሚ ይተነፍስብኛል፤ የኋላው ቸርኬ ሽቦም ተተክቶ ብዙ ሳይቆይ ሌላው ይበጠሳል። ውጭ አገር ያለችው ታላቅ እህቴ አዲስ ቸርኬ ልትልክልኝ ፈቃደኛ ናት። አብሮኝ የሚነዳ ጓደኛዬ ጠርዙ ከፍ ያለ የካርቦን ቸርኬ እንዳስልክ ይመክረኛል። ምን ባስልክ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስለ ብስክሌት የሚደርሱን ደብዳቤዎች ብዙውን ጊዜ «የትኛው ይሻላል?» ከሚል ጥያቄ አያልፉም። እርስዎ ግን ክብደትዎን፣ የሚነዱበትን መንገድ፣ የፍሬኑን ዓይነትና የማርሹን ቁጥር ሳይቀር ስለጻፉልን ቁርጥ ያለ መልስ መስጠት ይቻላል። እህትዎ የሚልኩልዎት ነገር በቅደም ተከተል ይህ ቢሆን እመርጣለሁ፦ በመጀመሪያ ሰፋ ያለና መበሳትን የሚቋቋም ጥሩ ጥንድ ጎማ ከበቂ ከመነዳሪ ጋር፣ ቀጥሎ 32 ሽቦ ያለው የአልሙኒየም የኋላ ቸርኬ፣ ገንዘብ ከተረፈ ደግሞ የፊቱ ቸርኬ። የካርቦኑን ነገር ለአሁኑ ይተዉት።

ከጎማው የምጀምረው ለሁለቱም ችግሮችዎ፣ ለመተንፈሱም ሆነ ለሽቦው መበጠስ፣ ጎማው እጁ ስላለበት ነው። 23 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጎማ የሚይዘው አየር እጅግ ጥቂት ነው። በእርስዎ ክብደት ከ100 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ) በላይ ካልተነፋ በስተቀር፣ የአስፋልት ጉድጓድ ጠርዝ ወይም ወጣ ያለ የኮብልስቶን ድንጋይ ሲመታ ጎማው ተጨፍልቆ ከቸርኬው ጋር ይገናኛል፤ በመካከል ያለው ከመነዳሪም ይነከሳል። ይህን ለማስቀረት አጥብቀው ሲነፉት ደግሞ ጎማው ጨርሶ ይደርቅና የመንገዱን ንዝረት ሁሉ ሳያለዝብ ወደ ቸርኬው፣ ወደ ሽቦውና ወደ ወገብዎ ያስተላልፈዋል። ስለዚህ 23 ሚሊሜትር ጎማ ላይ እስካሉ ድረስ ከሁለቱ ጉዳቶች አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንብዎታል ማለት ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ጎማው ሲተነፍስ ከመነዳሪውን ወደ ጎሚስታ ወስደው ከማስለጠፍዎ በፊት ቀዳዳውን በጥሞና ይመልከቱት፤ የተነፈሰበትን ምክንያት የሚነግርዎት እሱ ነውና። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካገኙ የተበሳው በቸርኬው ተነክሶ ነው፤ ጥፋቱም የአየር ማነስ ወይም የጎማው መጥበብ ነው። ቀዳዳው አንድ ብቻ ሆኖ መንገዱን በሚነካው በኩል ከሆነ እሾህ፣ የጠርሙስ ስባሪ ወይም የብረት ክር ወግቶታል። ቀዳዳው ወደ ውስጥ፣ በቸርኬው በኩል ከሆነ ግን መንገዱ ምንም አላደረገም፤ የሽቦዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው ጥብጣብ ተንሸራቶ ወይም ተበጥሶ ከመነዳሪው በሽቦው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ተቀዷል። ይህ ሦስተኛው ዓይነት ያገለገሉ ብስክሌቶች ላይ በብዛት ይታያል፤ መፍትሔውም ለቸርኬው ልክ የሆነ አዲስ ጥብጣብ ማልበስ ብቻ ነው።

ምክንያቱ እሾህ ወይም ብረት ከሆነ ደግሞ ከመነዳሪውን ለጥፎ መመለስ በቂ አይደለም፤ የወጋው ነገር ብዙ ጊዜ እዚያው ጎማው ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል። ለዚህም ሁለት ቀላል ልማዶች አሉ። አንደኛው፣ ጎማውን ሲገጥሙ በጎኑ ላይ የታተመውን የፋብሪካ ስም ሁልጊዜ ከቫልቩ ትይዩ ማዋል ነው፤ እንዲህ ካደረጉ ከመነዳሪው የተበሳው ከቫልቩ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ከሆነ ጎማው ላይም ከጽሑፉ አንድ ስንዝር ርቆ ፍለጋዎን ይጀምራሉ። ሁለተኛው፣ የጎማውን የውስጥ ክፍል ዙሪያውን በደረቅ ጥጥ መጥረግ ነው። ጥጡ ያዝ ባደረገበት ቦታ ጎማውን ወደ ውጭ ገልበጥ አድርገው በብርሃን ቢያዩት ከፀጉር ብዙም የማይወፍር፣ ዓይን በቀላሉ የማያየው የብረት ክር ብቅ ብሎ ያገኙታል። ይህ ክር የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ ከውስጡ የሚበተን ነው፤ ከአዘዞ በኩል ከባድ መኪና በሚበዛበት መንገድ ጠርዝ ጠርዙን ይዞ የሚነዳ ሰው ከእሱ አያመልጥም። በጣት ለመንቀል ስለሚያስቸግር ትንሽ ወረንጦ ከመለጠፊያው ጋር ይያዙ።

አሁን ወደ ስፋቱ እንምጣ። ሰፊ ጎማ ይከብዳል፣ ፍጥነትም ይቀንሳል የሚለው አስተሳሰብ ለብዙ ዓመታት እንደ እውነት ሲነገር ኖሯል፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። ሁለት ጎማዎች እኩል ተነፍተው እኩል ክብደት ቢጫናቸው መሬት የሚነካው ክፍል የቆዳ ስፋቱ እኩል ነው፤ ልዩነቱ ቅርጹ ላይ ነው። የጠባቡ ጎማ መሬት የሚነካው ክፍል ረዘም ያለና ቀጭን ሲሆን፣ የሰፊው አጠር ያለና ሰፋ ያለ ነው። ጎማ ሲንከባለል ኃይል የሚባክነው ላስቲኩ በተጣመመና በተመለሰ ቁጥር ስለሆነ፣ አጭሩ ቅርጽ የሚያባክነው ኃይል አነስተኛ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ሰፊው ጎማ በዝቅተኛ አየር ሊነዳ ስለሚችል ሸካራ መንገድ ላይ ብስክሌቱን ከማንጠር ይልቅ እያለዘበ ያልፋል። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ በሆነበት ጊዜ በታላላቅ ቡድኖች ዘንድ 25 ሚሊሜትር የተለመደ መጠን ሆኖ ነበር፤ ዛሬ እዚያው ውድድር ላይ 28 ሚሊሜትርና ከዚያም በላይ መጠቀም ተለምዷል። እነዚያ ሰዎች ለአንዲት ሰከንድ የሚሟገቱ ናቸውና ሰፊ ጎማ የሚያዘገይ ቢሆን ኖሮ አይመርጡትም ነበር።

ስለዚህ ፍሬምዎ የሚያሳልፍ ከሆነ 28 ሚሊሜትር፣ ካላሳለፈ 25 ሚሊሜትር ይግጠሙ። የሚያሳልፍ መሆኑን በግምት አይወስኑ። እንደ እርስዎ ያሉ የቆዩ ብስክሌቶች ላይ መጀመሪያ የሚጠበው ቦታ ከፍሬኑ ሥር ያለው ነው፤ ቀጥሎ የፊተኛው ሹካ ራስ፣ ከዚያም ከፔዳሉ ኋላ ፍሬሙ ጎማውን ግራና ቀኝ የሚያቅፍበት ቦታ ነው። አሁን ያለው ጎማ በደንብ እንደተነፋ በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ያለውን ክፍተት በሚሊሜትር ይለኩ። አዲሱ ጎማ ከገባ በኋላ በየአቅጣጫው ቢያንስ 4 ሚሊሜትር መትረፍ አለበት። ከ23 ወደ 28 ሲሄዱ ስፋቱ በእያንዳንዱ ጎን በ2.5 ሚሊሜትር፣ ቁመቱም ወደ 5 ሚሊሜትር ገደማ እንደሚጨምር አስበው ያስሉ። ቸርኬው ሰፋ ያለ ሲሆን ጎማው ራሱ ከተጻፈበት ቁጥር በአንድ ወይም በሁለት ሚሊሜትር ሊበልጥ እንደሚችልም አይርሱ። በክረምት ጭቃና ጠጠር ከጎማው ጋር ተጣብቆ የሚወጣበት ቦታ ካጣ ፍሬሙን ይፍቀዋል፤ ከፊት ሹካው ላይ ከተቀረቀረ ደግሞ ጉዳቱ ከዚህ የከፋ ነው። ከኋላ 28 አልፎ ከፊት ግን 25 ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ሁለቱን ለየብቻ መግጠም ምንም ችግር የለውም።

ጎማው ጎን ላይ ከ700 በ 23 ሌላ 23-622 የሚል ቁጥርም ያገኛሉ። ለግዢ የሚያስተማምነው ይህኛው ነው። 622 ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዙሪያ ዲያሜትር በሚሊሜትር ስለሆነ፣ እህትዎ የሚገዙት ጎማ ላይ 25-622 ወይም 28-622 መጻፉን ያረጋግጡ። በድሮ ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው 27 ኢንች የሚባለው መጠን 630 ነው፤ በስም የተቀራረቡ ቢመስሉም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ስለ ጎማው ዓይነት ሳስብ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ዝናብ ያጠበው የከተማችን ኮብልስቶን ቁልቁለት ነው። በገበያ ላይ ያሉት ጎማዎች በግርድፉ በሦስት ይከፈላሉ። ለውድድር የተሠሩት ቀላልና ፈጣን ናቸው፤ ገላቸው ግን ስስ ነው። መበሳትን ብቻ አስበው የተሠሩት ጠንካሮች እንደ ኮንቲኔንታል ጌተርስኪን ያሉት ናቸው፤ ረጅም ዕድሜ አላቸው፣ ጎናቸውም በቀላሉ አይቀደድም፤ ነገር ግን በእርጥብ መንገድ ላይ አያያዛቸው ደካማ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዱም ከፈጣኖቹ ጋር ሲነጻጸሩ በአንድ ጎማ ብቻ ወደ 10 ዋት የሚጠጋ ተጨማሪ ኃይል ያባክናሉ። በመካከል ያሉት፣ ለምሳሌ ያው ፋብሪካ ግራንድ ፕሪ ፎር ሲዝን ብሎ የሚሸጠው፣ ከመርገጫቸው ሥር መበሳትን የሚከላከል ንጣፍ ያላቸውና በእርጥብ መንገድም የሚይዙ ናቸው። ለእርስዎ የምመርጠው ይህን መካከለኛውን ነው። የሌሎች ታዋቂ ፋብሪካዎች ተመሳሳይ ጎማም ያገለግላል፤ የሚታጠፍ ጠርዝ ያለውን ቢመርጡ ደግሞ በሻንጣ ለመላክ ይቀላል።

ያለ ከመነዳሪ የሚገጠም፣ ቀዳዳውን በፈሳሽ እየደፈነ የሚሄድ ጎማም አለ። ጥሩ ፈጠራ ነው፤ ለእርስዎ ግን አልመክረውም። ለዚሁ የተሠራ ቸርኬ ያስፈልገዋል፤ ፈሳሹ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚደርቅ፣ በበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ይበልጥ ስለሚፈጥን በየጊዜው መሙላት ይጠይቃል፤ ፈሳሹ ሲያልቅብዎት ከውጭ እስኪላክ መጠበቅ ይኖርብዎታል። ከመነዳሪ ግን የትም ቦታ በማስቲሽና በልጣፊ ይሠራል።

ወደ ቸርኬው ስንመጣ፣ ሽቦው የሚበጠሰው በክብደትዎ ምክንያት እንዳይመስልዎት። 74 ኪሎ በደንብ ለተሠራ ቸርኬ ከባድ ጭነት አይደለም። ሽቦ የሚበጠሰው በድካም ነው። የኋላ ቸርኬ በአንድ ጎኑ ማርሹን ስለሚሸከም የሁለቱ ጎኖች ሽቦዎች ውጥረት እኩል አይደለም፤ ውጥረቱ ከላላ ወይም ከተዛነፈ ጎማው በዞረ ቁጥር እያንዳንዱ ሽቦ ላላ ጠበቅ ይላል፤ ይህ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ሽቦው ሞዞው (የቸርኬው መሃል እምብርት) ላይ በሚታጠፍበት ክርን ላይ ይሰነጠቅና ይበጠሳል። አንዱ ሲበጠስ ሌሎቹም በዚያው ልክ ደክመዋል፤ የተበጠሰውን ብቻ እየተኩ መቀጠል ችግሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። የእርስዎ ምልክት ልክ ይህ ስለሆነ የኋላው ቸርኬ ከመጠገን አልፏል ብዬ አምናለሁ።

አዲሱ የኋላ ቸርኬ 32 ሽቦ ያለው፣ እያንዳንዱ ሽቦ በሦስት ሌሎች ላይ ተሻግሮ የተሠራ፣ ሽቦዎቹም የማይዝጉና 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ቢሆኑ ይመረጣል። 20 ወይም 24 ሽቦ ብቻ ያላቸው የፋብሪካ ቸርኬዎች በጥቂት መቶ ግራም ይቀላሉ፤ ነገር ግን ከእነሱ አንድ ሽቦ ሲበጠስ ቸርኬው ወዲያውኑ ተጣሞ ፍሬሙን ሊነካ ይችላል፤ ብዙዎቹም የራሳቸው ልዩ ሽቦ ስላላቸው መለዋወጫው በአገር ውስጥ አይገኝም። 32 ሽቦ ያለው ግን አንዱ ቢበጠስ እስከ ቤትዎ ያደርስዎታል፤ ቁልፉ በእጁ ያለ ማንኛውም ጥሩ የብስክሌት መካኒክም ያቀናዋል። እህትዎ ከቸርኬው ጋር በሁለቱም ጎን ርዝመት ልክ ጥቂት ትርፍ ሽቦዎች ይላኩልዎት፤ የግራና የቀኙ ርዝመት ስለሚለያይ ከሁለቱም ያስፈልጋል። ሞዞውን በተመለከተ እንደ ሺማኖ ያሉ በኳስ የሚሠሩ ሞዞዎች ተፈትተው፣ ታጥበውና አዲስ ግሪስ ተቀብተው መመለስ ይችላሉ። ኩሽኔታው የታሸገ ከሆነም በክፉ አይታይም፤ ቁጥሩን ግን መዝግበው ይያዙ።

የጓደኛዎ ምክር ከቅንነት የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም ለእርስዎ ብስክሌትና ለእኛ መንገድ አይስማማም። ጠርዙ ከፍ ያለ ቸርኬ ጥቅሙ አየሩ ብስክሌቱን የሚገታበትን ኃይል መቀነስ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ከአየር የሚቆጠበው ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ወደ ኮሶዬ በሚወስደው ዳገት ላይ ደግሞ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ጥቅሙ ከዚህም ያነሰ ነው። ቀላል ስለሆነ ዳገት ላይ ይረዳል እንዳይባል፣ ቸርኬው 300 ግራም ቢቀንስልዎት እርስዎና ብስክሌቱ በአንድነት ከ80 ኪሎ በላይ ስለምትመዝኑ የአንድ ሰዓት ዳገት ላይ የሚተርፍልዎት ከ15 ሰከንድ አይበልጥም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። የእርስዎ ፍሬን የሚይዘው ቸርኬውን ራሱን ስለሆነ ከኮሶዬ ወደ ከተማ ሲወርዱ የፍሬኑ ግለት በሙሉ ቸርኬው ላይ ያርፋል። አልሙኒየም ግለቱን ቶሎ ያሰራጫል፤ ካርቦን ግን እዚያው ይይዘዋል፤ ፍሬን ለረጅም ጊዜ ሲያዝ በካርቦኑ ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ሊለሰልስ፣ ጠርዙ ሊያብጥና ጎማው ቁልቁለት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ዝናብ ሲነካውም የካርቦን ጠርዝ ለመያዝ ይዘገያል፤ የራሱ የተለየ የፍሬን ጎማም ያስፈልገዋል። አንድ ጊዜ በጉድጓድ ከተሰነጠቀ ደግሞ በአስተማማኝ ሁኔታ መጠገን ያስቸግራል።

እህትዎ ሲገዙ በቀላሉ ሊሳሳቱበት የሚችል አንድ ነገር አለ፤ ዛሬ በውጭ ገበያ ከሚሸጡት አዳዲስ የኮርሳ ቸርኬዎች አብዛኞቹ ለዲስክ ፍሬን የተሠሩ ናቸው። እነዚህ የፍሬንዎ ጎማ የሚይዘው ልሙጥ ጠርዝ የላቸውም፤ ሞዞቸውም ከኋላ 142 ሚሊሜትር ስለሆነ የእርስዎ ፍሬም ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ የሚልኩላቸው መልእክት ይህን ይበል፦ ለጠርዝ ፍሬን የሚሆን አልሙኒየም፣ መጠኑ 622፣ የሞዞው ስፋት ከኋላ 130 ከፊት 100 ሚሊሜትር፣ የቸርኬው የውስጥ ስፋት ከ17 እስከ 19 ሚሊሜትር፣ የማርሹ መያዣ ለሺማኖ 9 ማርሽ የሚሆን። የማርሹ መያዣ ለ11 ማርሽ የተሠራ ቢሆንም 1.85 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት ከኋላው ሲገባ የእርስዎን ማርሽ ይቀበላል፤ ቀለበቱ አብሮ መላኩን ብቻ ያረጋግጡ። ከዚህ ጋር የአየር መለኪያ ያለው የእግር ፓምፕና ስድስት ያህል ከመነዳሪ ቢጨመር ለረጅም ጊዜ አይቸገሩም።

ከገጠሙ በኋላ የ28 ሚሊሜትሩን ጎማ ከኋላ ከ75 እስከ 80፣ ከፊት ከ70 እስከ 75 ፒ.ኤስ.አይ. ይንፉት፤ 25 ከሆነ ከኋላ 90 ገደማ፣ ከፊት 85 ይበቃዋል። ዝናብ ሲሆን ከዚህ አራት አምስት ቢቀንሱ መንገዱን ይበልጥ ይይዛል። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጪው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ የከተማችን ከፍታ እነዚህን ቁጥሮች አይለውጣቸውም። ቀጭኑን ቫልቭ ከጎሚስታ ማሽን ጋር የሚያገናኝ ትንሽ የናስ መቀየሪያ ኪስዎ ውስጥ ይኑር፤ ነገር ግን ማሽኑ ለከባድ መኪና የተዘጋጀ ስለሆነ የእርስዎን ጎማ በቅጽበት ይሞላዋልና በትንሽ በትንሹ እየነኩ በመለኪያ ያረጋግጡ። የመኪና ዓይነት ቫልቭ እንዲገባ ቸርኬውን በመብሻ እናስፋው የሚል ሰው ቢያጋጥምዎት አይፍቀዱለት፤ የኮርሳ ቸርኬ ጠባብ ስለሆነ እዚያ ቦታ ላይ ይዳከማል።

የፊቱን ቸርኬ አሁን ባይቀይሩም የፍሬኑ ጎማ የሚያርፍበትን ጠርዝ ይመርምሩት። ትንሽ ነጥብ ወይም ስስ ቦይ ካለበት እሱ የጠርዙን ማለቅ የሚያሳይ ምልክት ነው፤ ነጥቡ ከጠፋ ወይም ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሲያስደግፉበት ጠርዙ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ቸርኬው አልቋልና ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያስልኩ። አዲሶቹ ቸርኬዎች ከመጀመሪያዎቹ 200 ኪሎ ሜትር በኋላ ሽቦዎቻቸው ተቀምጠው ውጥረታቸው ሊለወጥ ስለሚችል፣ ምንም ችግር ባይታይባቸውም ለመካኒክዎ አሳይተው ያስጠብቋቸው።